ጥዱን ከመኪናው አውርዱልኝ!

በዓል በመጣ ቁጥር አብሮት የሚመጣ ሰው አለ። እናንተም ሰፈር አይጠፋም። እኛ ዶሮ ስንመርጥ፣ ሽንኩርት ስንሸከም፣ ልጆች አዲስ ልብስ ካልተገዛልን ብለው ሲያኮርፉ፣ እሱ ጥግ ይዞ "ለመሆኑ የዚህ ነገር መነሻው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?" ይላል። አናውቅም። ማወቅም አልፈለግንም። እሱ ግን ይነግረናል፤ ችቦው ድሮ ለፀሐይ ነበር፣ ቄጤማው ለአድባር ነበር፣ ዶሮዋማ የማን ግብር እንደነበረች ባትሰሙ ይሻላል። ነግሮን ሲጨርስ ታዲያ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ከዶሮዋ ድርሻውን ይጠብቃል።

እኔ፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ በዓል ዘሩ ተጠይቆ የሚገባ እንግዳ አይመስለኝም። የሰበታ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ በአንድ ግቢ ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም፣ እሬቻ የሚወርደውም ተከራይቶ ስለሚኖር፣ የሚመጣልኝን ሳህን ሁሉ ዘር ቆጥሬ ልቀበል ብል ግማሹን ዓመት ጦሜን አድር ነበር። ስለዚህ ቀምሼ አመሰግናለሁ። አቋምህን የሚመራው ሆድህ ነው የሚሉኝ አሉ፤ አልከራከርም።

ጋሽ በላቸው ግን ይከራከራሉ። የምሠራበት የክር ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ጎረቤቴም ናቸው። ጾም የማይገድፉ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ፣ ደግ ሰው። አንድ ነገር ብቻ አልተሰጣቸውም፤ ልጅ። በሃያ ዓመት ትዳራቸው ስለዚህ ጉዳይ ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም፤ የሰው ልጅ ሲያቅፉ ግን ዓይናቸውን ማየት ያስቸግራል። እና የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን አገር ባመሰበት በዚያ ዓመት፣ ጀሞ የሚኖር የቀድሞ ባልደረባችን ወንድ ልጅ ወለደና "የክርስትና አባቱ እርስዎ ነዎት" አላቸው። የልጁ አርባኛ ቀን የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዋለ። አርባኛ ቀን ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ይዛወርልኝ አይባልም። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ጀሞ ካልደረሱ ልጁን የሚቀበለው ሌላ ሰው ነው። "ሌላ ሰው" ሲሉ ድምፃቸው ይሰበር ነበር። እኔ አጃቢ ሆንኩ።

እሳቸው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰበታ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ማርታ እየሮጠች መጣች። ማርታ እኛው ፋብሪካ ፈተላ ክፍል የምትሠራ የሐድያ ልጅ ናት፤ ጴንጤ ናት፤ ጀሞ ባለው ቸርቻቸው ትዘምራለች። የተሸከመችው ደግሞ ቁመቷን የሚያህል ጥድ ነው፤ ለገና ፕሮግራማቸው። ጥዱን በወንበሮቹ መሃል በቁመቱ ስታጋድመው ጫፉ የጋሽ በላቸውን ነጭ ሱሪ ነካ።

"ጥዱን ከመኪናው አውርዱልኝ!" አሉ።

"ምነው ጋሼ፣ ወጋዎት?" አለች ማርታ።

"ቢወጋኝ ይሻል ነበር! ፈረንጅ ክርስቶስን ሳያውቅ ይሰግድለት የነበረ ዛፍ እኮ ነው። ክርስትና ላነሳ እየሄድኩ ከጣዖት ጋር አልሳፈርም።"

"የደመራው እንጨትስ ዛፍ አይደለም ጋሼ?"

ጉድ ፈላ! ሚኒባሱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ከኋላ የተቀመጠው ችቦን ይከሳል፣ ከመሃል ያለችው ለችቦ ጥብቅና ትቆማለች፣ አንዱ የሱፍ አበባ እየቆረጠመ ስለ አደይ አበባ አመጣጥ ያስረዳል። ሾፌሩ ሳይቀር መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ስለ ቡሄ ጅራፍ ገባበት። ደስ ሲለኝ! እንዲህ ያለ ጉባኤ በነጻ ከየት ይገኛል? ማርታ ግን ድንገት ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"ጋሼ፣ እኔ ያሆዴን ትቻለሁ። የአባቴን ቤት የዘመን መለወጫ። ፓስተራችን የአረማውያን ነው ሲሉን ሁለት ዓመት አገሬ አልገባሁም። አባቴ ቅቤውን አስቀምጦ ይጠብቀኛል። አሁን ይቺን ዛፍ ደግሞ እርስዎ ከወሰዱብኝ፣ በዓል የሚባል ምን ቀረኝ?"

ጋሽ በላቸው ቢጨንቃቸው ከፊታችን ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞሩ። ኦቦ ደቻሳ ናቸው፤ ፉሪ በኩል መሬት ያላቸው ገበሬ። "ኦቦ ደቻሳ፣ እስቲ አንቱ ፍረዱን" አሏቸው።

"እኔን ስለ ዛፍ አትጠይቁኝ" አሉ ኦቦ ደቻሳ። "ፕላኑ የእኔን ባሕር ዛፍ ከነመሬቱ ሊወስድ ሲመጣ፣ የማን አምላክ ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።"

ዓለም ገናን እንዳለፍን መኪናው ቆመ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ከድንጋዩ ወዲያ ፕላኑን የሚቃወሙ ወጣቶች፣ ከወዲህ የመኪና ሰልፍ።

ያን ሰሞን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከፊቱ እርጥብ ቅጠል ያሰረ መኪና ያልፋል፤ ያላሰረ ይቆማል። የእኛ ሾፌር የትናንቱ ጠውልጎበት ጥሎታል፤ ዛሬ ሰላም ነው ብሎ ወጥቷል። በመንገዱ ዳር ያለው ዛፍ ሁሉ እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ተመልጦ አልቋል። አንድ ሰዓት ቆምን። ጋሽ በላቸው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ሰማዩን ያያሉ፣ እንደገና ሰዓታቸውን ያያሉ። ስልካቸው ጮኸ። የልጁ አባት ነው፤ "ጋሼ፣ የት ደረሱ? አባ ሌላ ሰው ይዘጋጅ እያሉ ነው" ሲል እኔም ሰማሁት። ከንፈራቸው ደረቀ።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። የመኪናው ሰው ዓይን ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ወለሉ ወረደ። ጥዱ ላይ።

"ማርታ፣ ልጄ…" አሉ ጋሽ በላቸው።

"ጣዖት ነው ብለዋል እኮ ጋሼ።"

"ብያለሁ።"

"እና?"

"እርጥብ ነው" አሉ።

ማርታ ሳቀች። ተነስታ ጥዱን ራሷ ከወለሉ አነሳችላቸው። ኦቦ ደቻሳ ወደ መሃል ጠጋ ብለው የመስኮቱን ቦታ ለቀቁላቸው። ጋሽ በላቸው በዚያ ነጭ ነጠላቸው ላይ ጥዱን በሁለት እጃቸው አቀፉና ግማሽ አካላቸውን በመስኮት አውጥተው ማውለብለብ! ሾፌሩ በቀኝ በኩል ከሰልፉ ወጣ። ኦቦ ደቻሳ "ነጋ! ነጋ!" እያሉ ይጮኻሉ፤ ሰላም ነው ማለታቸው ነው። ወጣቶቹ እንዲህ ያለ ትልቅ ቅጠል አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ ፉጨቱ፣ ጭብጨባው፣ ሳቁ! ድንጋዩን ገለል አድርገው "ደርባ! ደርባ! እለፉ!" አሉን። አንዱማ ጋሽ በላቸውን ትከሻቸውን መታ አድርጎ "አባባ፣ ገለቶማ" ብሎ አመሰገናቸው።

"እኛ ዘንድ እርጥብ ነገር የያዘ ሰው ሰላም ይዟል ነው የሚባለው" አሉ ኦቦ ደቻሳ፣ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ። "የጥንት ነገር ነው።"

"የጥንት ስንል፣ ከመቼ?" ጋሽ በላቸው አላስቻላቸውም።

"ኧረ ቄሱም ፓስተሩም ሳይመጡ!"

ጋሽ በላቸው ይህን በደንብ ሰሙ። ቅርባቸው ስለነበርኩ አይቻለሁ። ፊት ለፊት ሌላ የተዘጋ መንገድ እየታየ ስለነበር ግን ጥዱን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

ጀሞ ስንደርስ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ጋሽ በላቸው በጥድፊያቸው መሃል እንኳ ቆም ብለው የጥዱን የተጣመመ ጫፍ አቃኑና "አደራ፣ ውሃ ውስጥ አቁሚው" ብለው ለማርታ መለሱላት። ከዚያ ሮጥን። እኔ ሆዴን ይዤ፣ እሳቸው ነጠላቸውን ይዘው። ሕፃኑን ከውሃው ተቀብለው ሲያቅፉት፣ ያ ሃያ ዓመት ያላማረረ ሰው ጎንበስ ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ።

የጾም ድግሱ ላይ ሽሮው ሲወርድ እንግዳው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ እንዴት መጣችሁ? ጋሽ በላቸው ሕፃኑን ከእጃቸው ሳያወርዱ ለመጀመሪያው ጠያቂ "ቅጠል ይዘን አለፍን" አሉ። ለሁለተኛው "ዝንጣፊ ይዘን፣ ሰላም ሰላም እያልን" አሉ። ጠላው ሁለተኛ ዙር ከዞረ በኋላ ቄሱ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና ጠየቁ።

"አባ፣ ተአምር ነው" አሉ ጋሽ በላቸው፣ ዓይናቸው እያበራ። "ልክ እንደ ሆሳዕና ሕዝብ ዘንባባ ይዘን ነው የገባነው።"

"ዕፁብ ነው!" አሉ ቄሱ። "እንዲህ ከሆነ በየዓመቱ በዚህ ልጅ የክርስትና ቀን ዘንባባ ተይዞ ይታሰብ።"

እንግዳው እልል አለ። እኔ ለማረም አፌን ከፈትኩ። ጋሽ በላቸው አዩኝ፤ ሕፃኑ ደረታቸው ላይ ተኝቷል። አፌን ዘጋሁ። በዚያ ቀን ክርስትና የተነሱት ሁለት ናቸው። የጥዱ የክርስትና ስም ዘንባባ ይባላል።