እንቁላል የጣለው ማካሮኒ

በዚህ ዓለም ላይ የምግብ አሠራር ሲያስረዳ «ቀላል ነው» የሚል ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። ብትቆጡኝም ግድ የለኝም፤ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። መቼ እንዳየሁት ግን በትክክል አላስታውስም። እኔ ከዳስ በዓል፣ ከሱኮት በፊት ይመስለኛል... ባለቤቴ ደግሞ በኋላ ነው ትላለች። ብቻ ሙቀቱ ገና አልለቀቀንም ነበር። ቀኑ ሐሙስ መሆኑን ግን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደማውቀው ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። አትቸኩሉ፣ እኔም አልቸኩልም፤ ጡረተኛ ነኝ።

ባለቤቴ ጉልበቷን አስቀየረች። አዎ፣ በዚህ አገር ጉልበትም ይቀየራል። አሮጌውን አውጥተው አዲስ ብረት አስገቡላትና፣ ማገገሚያ ቤት ትንሽ አቆይተው አሽቀሎን ከተማ፣ አቲቆት ሰፈር ወዳለው ቤታችን መለሷት። ሲሸኟትም አራት እግር ያለው የብረት መደገፊያ ሰጧት፤ እዚህ ሀሊኾን ይሉታል። ይህን ይዘሽ ትራመጃለሽ አሏት። እሷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሶፋው አጠገብ አቆመችውና ነጠላዋን ሰቀለችበት። ያ ሁሉ ብረት የነጠላ መስቀያ ሆኖ ቀረ። እግር የምታለማምደዋ ልጅ ከጤና መድኅን ድርጅቱ ከኩፓት ኾሊም እየመጣች ለመነቻት፣ አባበለቻት፣ አንድ ቀንማ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ባለቤቴ መልሷ አንድ ነው፤ ነገ። ልጅቷ ሳይገባት እንዳይቀር ሰግታ ነው መሰለኝ «ማኻር» እያለች በዕብራይስጥ ጭምር ትነግራታለች።

መብላትም ተወች። ወጥ ያላመጣ ዘመድ፣ ሳህን ያልተወ ጎረቤት የለም። እሷ ግን ለሰው ደስ እንዲለው ቀመስ ታደርግና ወደ እኔ ትገፋዋለች። እኔ ወፈርኩ፣ እሷ ከሳች። አንድ ቀን ብቻ፣ ማገገሚያ ቤት የበላችውን በምድጃ የተጋገረ ማካሮኒ አነሳችልኝ። ከላይ አይብ ቀልጦበት፣ ጠርዙ ደረቅ ብሎ... «እሱ ይበላ ነበር» አለች። ልብ በሉልኝ፣ የባለቤቴ ምስጋና ከዚህ በላይ አይሄድም።

ልጃችን ኦሪት የምትኖረው ባርኔአ የሚባል ሰፈር ነው። እናቷ እንደማትበላም እንደማትራመድም ስታይ ወሰነች። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስወጣ እናቴን እወስዳታለሁ፣ እስክትራመድ እኔ ጋ ትቀመጥ አለች። እኔስ ስላት፣ እሷ ቤት ያለው ትርፍ አልጋ አንድ ነው። በቃ፣ እናትየዋ ባርኔአ፣ እኔ አቲቆት። እናንተ ደግሞ፣ ባርኔአ እኮ እዚሁ አሽቀሎን ውስጥ ናት፣ በአውቶቡስ ትደርሳለህ ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ግን እኔ ሱዳን ድረስ በእግሬ የተጓዝኩት ከዚህች ሴት ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ ለየብቻ ያደርነው እሷ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ነው፤ ያኔም ቢሆን እንቅልፍ ያገኘችው እሷ ናት፣ እሷንም በመርፌ አስተኝተዋት።

እሷም መሄዱን አልወደደችውም። እዚያ ቤት ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው፤ እዚህ ቢያንስ በመስኮት የሚያልፍ የሚያገድመው ሰላም ይለኛል አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፦

«እባክዎ፣ አንድ ነገር ያድርጉ» አለችኝ።

ምን ላድርግ? ለኦሪት ደወልኩላት። ሐሙስ እራት እኛ ቤት ነው የምትበዪው፣ የምሠራውም እኔ ነኝ፤ እናትሽ ከበላች ትቀራለች፣ ካልበላች ትወስጃታለሽ አልኳት። ከስልኩ ውስጥ ሳቅ መጣ። ሳቁ ረዘመ። አንድ ጊዜ እንደ ማለቅ ብሎ እንደገና ጀመረ። በመጨረሻ እሺ አለችኝ፣ ግን ሻንጣውን ይዤ ነው የምመጣው አለች።

አልፈርድባትም። እኔ ጎንደር ገጠር ያደግሁ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ ወንድ ልጅ ድስት ከፍቶ ከታየ ወሬው ገበያ ድረስ ይቀድመዋል። እዚህ አገር መጥቼም ማድቤት የምገባው ውሃ ልጠጣ ነው፤ ብርጭቆው የት እንዳለ የምትጠቁመኝም እሷ ናት።

ይህን ሐሳብ ተሸክሜ ደረጃ ስወርድ ጎረቤታችንን ሱዛንን አገኘኋት። ሱዛን የሞሮኮ ሴት ናት፤ በምግብ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። ጭንቀቴን ብነግራት፣ ቀላል ነው አለችኝ። ይኸውላችሁ! አንድ ትሪ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ አለች። ማካሮኒውን በጥሬው ትዘረግፈዋለህ፣ የቲማቲም ስልስ ታፈስበታለህ፣ ውሃ ትጨምራለህ፣ ሸፍነህ ታኑር ውስጥ ትከተዋለህ። ታኑር የምትለው ያው የመጋገሪያውን ምድጃ ነው። ሲበስል ከፍተህ ቢጫ አይብ ትበትንበትና መልሰህ ታስገባዋለህ። ከቤቷም አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን የአልሙኒየም ትሪ አምጥታ ሰጠችኝ። ልትሄድ ስትል ዞር ብላ፣ ማካሮኒውን ስትገዛ ግን ደህናውን ግዛ፤ ደህና ማካሮኒ እንቁላል አለበት አለችኝ።

እኔም ያን ቃል ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ለካስ ማካሮኒ ማለት አንድ ነገር አይደለም። ቱቦ የሚመስል አለ፣ ቢራቢሮ የሚመስል አለ፣ የሰው ጆሮ የሚመስል አለ... በሊጥ እንዲህ የሚጫወት ሕዝብ መቼም ጠግቦ የሚያድር መሆን አለበት። ባለሱቁን እንቁላል ያለበት የቱ ነው ብዬ ብጠይቀው ጆሮ የሚመስለውን ሰጠኝ። የተፈቀፈቀ አይብም ጨመርኩ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። የቲማቲሙን ስልስ መርሳቴን ያወቅሁት ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላ ነው።

ጫማ ካወለቅሁ ደግሞ አወለቅሁ ነው።

ባለቤቴን ከሶፋዋ ሆና ምንም እንዳትናገር አስጠነቀቅኋት። ዛሬ እንግዳ ነሽ፣ እንግዳ ደግሞ ማድቤት ውስጥ ምን እንዳለ አይጠይቅም አልኳት። እሷም አፏን በእጇ ሸፈነች። እየሳቀች እንደነበር ትከሻዋ ነገረኝ።

ታኑሩን ስከፍተው ውስጡ ዕቃ ቤት ነው። ባለቤቴ ዳቦ የምትጋግረው ድስት ውስጥ ስለሆነ፣ ታኑሩን ድስት ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ድስት ውስጥ ድስት፣ እዚያ ውስጥ ሌላ ድስት፣ መጨረሻው ላይ ጆሮ የሌለው ድስት። ሁሉንም አውጥቼ ወለሉ ላይ ደረደርኩ። ከዚያ ማዞሪያው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ባየሁ ጊዜ አንዱ አበባ ይመስላል። አበባ ክፉ ነገር አያመጣም ብዬ እሱ ላይ አዞርኩት። ለካ አበባው የንፋስ መዘውር ኖሯል! ታኑሩ እንደሚነሳ አውሮፕላን ይጮህ ጀመር። የእኔ ጆሮ ድሮም ደካማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓለም ብትጠፋም የምሰማ አልነበርኩም።

ስልሱን በተመለከተ ግን መላ አላጣሁም። ባለቤቴ ኦፕራሲዮን ከመግባቷ በፊት ቁሌቱን እየሠራች በከረጢት በከረጢት ቋጥራ በረዶ ቤት አስቀምጣ ነበር። ቲማቲሙ ቀይ ነው፣ ቁሌቱም ቀይ ነው። ሽንኩርቱ በስሎ፣ በርበሬው ገብቶ ያለቀለትን ትቼ ሱቅ የምመለስበት ምን ምክንያት አለ? ከሁሉ ከበድ የሚለውን መረጥኩ። ለልጅ ሲሰጡ ትልቁን ነው ብዬ። ከረጢቱ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ቋጠሮው ሁለት ነበር፤ ቢያታግለኝ በቢላ ቀደድኩትና ድንጋዩን እንዳለ ማካሮኒው መሀል አስቀመጥኩት። ውሃ ጨመርኩ። በላዩ ትልቅ ትሪ ደፋሁበት። እንዳይተነፍስ ደግሞ የብረቱን ዘነዘና ጫንኩበት። ሱዛን ዘነዘና አላለችም፤ ይህ ከራሴ ነው።

ከዚያ ታኑሩ ውስጥ ከትቼው፣ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እንደ ከብት ጠባቂ።

ቆይቼ ስከፍተው ያ ጆሮ ሁሉ አብጦ፣ ተነፋፍቶ፣ ቀይ ሆኖ ትሪውን ሞልቶታል። ሽታው... ምን ልበላችሁ፣ የበዓል ሽታ ነው። ለማማሰል ማንኪያ ብሰድድ፣ ከመሀል አንድ ድቡልቡል ነገር ብቅ አለ። መነጽሬን አስተካክዬ አየሁት። እንቁላል ነው። ድፍን፣ የተላጠ፣ እንቁላል።

እናንተ ብትሆኑ ትደነግጡ ነበር። እኔ ደስ አለኝ። ሱዛን ደህና ማካሮኒ እንቁላል አለበት አላለችኝም? ይኸው አለበት! ባለሱቁ አላታለለኝም። እንዴት እንደሚገባበት ግን ገረመኝ፤ እሽጉን ስቀደው ያየሁት ደረቅ ጆሮ ብቻ ነበር። ምናልባት ሲሞቀው ነው የሚጥለው ብዬ አሰብኩ። እየቆየ ሌላም ተገኘ። የፈረንጅ ጥበብ ወሰን የለውም አልኩና አይቡን አነሳሁ። እሽጉን ቀደድኩ፣ ዘገንኩ፣ እጄን ትሪው ላይ ዘረጋሁ...

ከኋላዬ የሆነ ነገር ክርኔን ያዘኝ።

ዞር ስል ባለቤቴ ናት። አንድ እጇ ሀሊኾኑ ላይ፣ አንድ እጇ ክርኔ ላይ። ነጠላዋ አሁንም ብረቱ ላይ እንደተሰቀለ ወለሉን እየጠረገ አብሯት መጥቷል። ለካ ከሶፋው ሆና ሽታው ደርሷት ስትጣራ ቆይታለች፤ እኔ ደግሞ በአውሮፕላኑ ጩኸት ምንም አልሰማሁም። ታኑሩን አጠፋችውና ጸጥታው መጣ።

«እንዳይጨምሩት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አይቡን ነዋ። ዶሮ ላይ ሊጨምሩት?»

«የምን ዶሮ? ማካሮኒ ነው እንጂ።»

ማንኪያውን ከእጄ ወሰደችና አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርጋ ስታወጣው፣ የዶሮ እግር ከነአጥንቱ ብቅ አለ። ቀጥላ መላላጫ። ቀጥላ ፈረሰኛ። ባዶውን ቁሌት በአንድ ቋጠሮ፣ የዶሮ ወጡን በሁለት ቋጠሮ እንደምትለይ ያን ጊዜ ነገረችኝ። አብረን ስንኖር ይህን ያህል ዘመን፣ ቋጠሮ ቋንቋ መሆኑን አላውቅም ነበር። እንግዲህ በሃይማኖታችን ሕግ እኛ ቤት ሥጋና ወተት አይገናኙም። ያ አይብ ከእጄ ቢወርድ ኖሮ ሙሉ ትሪው፣ ዶሮውም፣ ማካሮኒውም፣ እራቱም በቀጥታ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነበር። ኦሪት ደግሞ መንገድ ላይ ናት።

አይቡን ወደ እሽጉ እየመለስኩ ስለ እንቁላሉ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። የባሰ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«አንቺ» አልኳት፣ «ቆመሻል እኮ።»

እግሯን አየች። ከዚያ ከማድቤቱ በር አሻግራ ሶፋውን አየች፤ ሩቅ አገር የተወችው ይመስል።

«ዝም ይበሉ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ካስታወሱኝ እወድቃለሁ።»

በሩ የተንኳኳው እንደዚያ እንደቆምን ነው።

ኦሪት ባዶ ሻንጣ እየጎተተች ገባች። ሳሎን ስታይ እናቷ የለችም። ማድቤት ስታይ እናቷ ቆማ ማካሮኒ ታማስላለች፤ አባቷ አይብ አቅፎ ቆሟል፤ ወለሉ በድስት ተሞልቷል። ሻንጣው ከእጇ ወደቀ። «አባ፣ ማ አሲታ?» አለች፤ ምን አደረግህ ማለቷ ነው። የትኛውን እንደምትጠይቀኝ ግን አላወቅሁም።

እናትየዋ መለሰችላት። «አባትሽ እራት ሠራ። ምን ትገተሪያለሽ፣ ቁጭ በይ።»

አንዲትም ቃል አልተነፈሰችም፤ ስለ ዶሮው፣ ስለ ቋጠሮው፣ ስለ አይቡ። ትሪውን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አኖርነውና ዙሪያውን ተቀመጥን። ስለ ጣዕሙ እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ ታቹ ገንፎ ሆኗል፣ ጠርዙ ጥርስ ይፈትናል፣ መሀሉ ግን ጣት ያስቆረጥማል። ባለቤቴ ማንኪያዋን አነሳች። ኦሪትና እኔ መብላት ትተን አፏን እናያለን። ጎረሰች። አላመጠች። ሁለተኛ ጎረሰች። ከዚያ እንቁላሉን ቆርሳ ግማሹን ለራሷ ወሰደችና፣ ሌላውን ግማሽ በማካሮኒ ጠቅልላ አጎረሰችኝ።

«ይበላል» አለች።

ኦሪት ስቃ ልትሞት ነው፤ ግን ዓይኗን በመዳፏ ስትጠርግ አይቻታለሁ። ደግሞ እንደ ልማዷ ልትከራከር ሞከረች፤ ነገስ ማን ያበስላል አለች። እናቷ፣ እኔ ቆሜ አዛለሁ፣ እሱ ይከትፋል አለቻት። ነገሩ በዚያው አለቀ። ሻንጣው ግን ባዶውን አልተመለሰም፤ ዘመድ ወጥ ያመጣበትን ሳህን ሁሉ ሞልተንበት፣ በየቤቱ አድርሺ ብለን ሰደድናት።

እሑድ ዕለት እግር የምታለማምደዋ ልጅ መጣች። ባለቤቴ በሩን ራሷ ከፈተችላት። ልጅቷ እንዴት መራመድ ጀመረች ብላ ብትጠይቀኝ፣ በማካሮኒ ነው አልኳት። ሳቀችና ኮል ሃካቮድ አለችኝ፤ ጎበዝ፣ ክብር ይገባሃል ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲህ በአቲቆት የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ኮል ሃካቮድ ይለኛል፤ ምግብ አብስሎ ሚስቱን ያስነሳ ሰው ነው ይባላል፤ ሱዛንማ ዶሮውን እንዴት ማካሮኒው ውስጥ እንደደበቅኸው አስተምረኝ ብላ ይዛኛለች። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋናውን ስቀበል ከረምኩ። ዛሬ ግን ለእናንተ ልናገር። በአንድ አሮጌና በአንድ አዲስ ጉልበት ከሶፋ እስከ ማድቤት ተጉዛ፣ እጄን ከአየር ላይ የያዘችልኝ፣ ለልጄም ያላጋለጠችኝ፣ ባለቤቴ ወርቅነሽ ናት።