ፈታኙ ጠጋ ያለ ዕለት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የጭነት መኪና ወደኋላ ሲሄድ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። አዳማ ውስጥ ኋላ ማርሽ ይግባ ብቻ! ሊስትሮው ብሩሹን ይጥላል፣ ጁስ የሚጠጣው ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ዕድሜ ልኩን መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሁሉ እጁን እያወናጨፈ «ና! ና! ና! ቁረጥ! መልስ!» ይላል። አንዱ ቀኝ ሲል ሌላው ግራ ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ግድግዳው ከተነካ በኋላ እዚያ አካባቢ አንድም ሰው አታገኙም።

ከየት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ግድግዳ ከነኩት አንዱ እኔ ነኛ!

ባጃጅ ነጂ ነበርኩ፤ እዚሁ አዳማ። ጸጉሬ የሸበተው ባጃጅ ላይ ነው። ባጃጄ ላይ ሳለሁ ማን ይችለኛል? ፍየል የምታመነታበትን ቀዳዳ ሹልክ ብዬ አልፍ ነበር። ሚስቴ መሠረት ግን «እስከ መቼ በሦስት እግር?» ትለኛለች። ዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት የሚነግዱ አጎት አሏት። የጭነት መኪና ገዙና ሾፌር ፈለጉ። የጭነት መንጃ ፈቃድህን አውጣ፣ መኪናውን አንተ ትይዛለህ አሉኝ። እኔ ሞኙ፣ ፈተናውን ሳላልፍ ባጃጄን ሸጥኳት። ሰው ጀልባ ሳይመጣለት ዋናተኛነቱን ይተዋል?

ሥልጠና ገባሁ። ጋቢናው ላይ ወጥቼ ቁልቁል ሳይ፣ ፎቅ ላይ አስቀምጠው ሕንፃውን ንዳው ያሉኝ መሰለኝ። አሠልጣኜ ለሁሉም በሽታ የሚያዝዘው አንድ መድኃኒት ብቻ ነው። ማርሽ ሳንጓጓ «ኮንፊደንስ!» ሞተሩ ሲጠፋብኝ «ኮንፊደንስ የለህም!» ከሁሉም የከፋው ዳር ይዞ ማቆም ነበር። ወይ አስፋልቱ መሃል ተገትሬ እቀራለሁ፣ ወይ አንድ ጎማዬን ቦይ ውስጥ እከታለሁ። «ኮንፊደንስ ቢኖርህ ይሄ አይመጣም ነበር» ይለኛል። እሺ፣ የት ነው የሚሸጠው? ሩብ ኪሎም ቢሆን ልግዛ!

ቤት ስገባም ያው ነው። የመሠረት የጸሎት ኅብረት እህቶች ሳሎናችን ተሰብስበው ጸለዩልኝ። አንዷ ትልቅ ሴት «ጌታ ሆይ፣ ለወንድማችን ድፍረት ስጠው» አሉ። አሜን አልኩ። ቀጠሉና «ድፍረቱን ከሰጠኸው በኋላ ደግሞ እግረኛውን ጠብቅ» አሉ። ከሁሉም ጮክ ያለው አሜን የሚስቴ ነበር።

ተፈተንኩ፤ ወደቅሁ። ከመፈተኛው ሜዳ አጥር ውጪ የቆመው ሁሉ «ና! ና!» አለኝ፤ እኔ ደግሞ ሰው አክባሪ ነኝ፣ ሁሉንም እሺ ስል የምልክቱን እንጨት ጨፈለቅሁት። ደግሜ ተፈተንኩ፤ ደግሜ ወደቅሁ። በዚህ መሃል ሽንኩርቱ ደረሰ። አጎትየው ደወሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ሽንኩርት አይጠብቅም ልጄ፣ በዚህኛው ካላለፍክ መኪናውን ለናቲ እሰጣለሁ አሉኝ። ናቲ የመሠረት ታናሽ ወንድም ነው። ከእኔ በኋላ ሥልጠና ጀምሮ ከእኔ በፊት መንጃ ፈቃዱን ያወጣ፣ ሰው ፊት «ባጃጁ፣ ሰላም ነህ?» የሚለኝ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ለሚስቱ ወንድም ግን ፈሪ ምኑ እንደሆነ ተረቱም አይነግረንም። ባጃጅ የለ፣ መኪና የለ፤ ቤቴን በምን ላስተዳድር ነው? ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኙ ወጣት ነው። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ፊቱ የማይፈታ። «እንደምን አደሩ» ስለው በአገጩ መለሰልኝ። ዕድሜ ለጠዋት፣ አጥሩ ሥር «ና! ና!» የሚል አስተባባሪ ስላልነበረ ኋላ ማርሹን እንደምንም ተወጣሁት። ከዚያ በወለንጪቲ መንገድ ወጥተን፣ ዞረን ወደ አዳማ መመለስ ጀመርን። «ከተማው መግቢያ ላይ ዳር ይዘህ ታቆማለህ» አለኝ። አለቀልኝ! ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ጀመር። ይሄኔ ከመንገዱ ዳር አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሱ።

እጅ ሲነሳ ባጃጅ ነጂ መች ያስባል? የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። እጄ ፍሬቻውን፣ ዓይኔ ስፖኪዮውን፣ እግሬ ፍሬኑን ያዘ። ያ ሁሉ ብረት ቀስ ብሎ ዳሩን ይዞ ሴትዮዋ እግር ሥር ቆመ።

ከቆምኩ በኋላ ነው የባነንኩት። ወይኔ ጉዴ! ፈተና ላይ ተሳፋሪ ልጭን! የናቲ ሳቅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ልል አፌን ስከፍት፣ እማማ በፈታኙ በኩል ያለውን በር ከፍተውታል።

«አካም ጅርቱ፣ ልጆቼ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡን። ከዚያ ወደ ፈታኙ ዞረው፣ «ጠጋ በል እስቲ።»

ጠጋ አለ!

እመኑኝ፣ ጠጋ አለ። ምን ያድርግ? እሱም እንደ ሁላችን ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ ያደገ ልጅ ነው። ጠጋ በል ከተባለ ሚኒስትርም ቢሆን ጠጋ ይላል። እንዲያውም እጃቸውን ይዞ ስቦ ወደ ላይ አወጣቸው። ምን እንዳደረገ የገባው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ መነጽሩን አወለቀ። አንድ ነገር ሊናገር ሲል እማማ በጭድ የታጨቀ ቅርጫት ጭኑ ላይ ቁጭ አደረጉበት። «እኔ የበሩን መያዣ ልያዝ፤ እንቁላል ነው፣ አደራህን» አሉት። ከእንግዲህ ምን ይናገራል? አደራ ተቀብሏል።

ታዲያ እኔን ማን ያየኛል? የፈታኙ ዓይን ከቅርጫቱ አልተነቀለም። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል፣ ቅርጫቱን ያቅፋል። እኔ ደግሞ የሚያየኝ ሲጠፋ እንዴት እንደነዳሁ ብታዩ! ማርሹ ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። እማማ ስለ ምራታቸው ያወሩኛል፤ እኔ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያልኩ እነዳለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የዚያን ዕለቱ በፈታኝ ጭን ነው የሄደው። ያዘዘኝን ማቆሚያ ሁለታችንም ረስተን አለፍነው።

ገበያው ጋ ስንደርስ እማማ «ወራጅ» አሉ። ፍሬቻ አበራሁ፣ ዳሬን ይዤ ቆምኩ። ወረዱ፤ ቅርጫቱን ተቀብለው ጭዱን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። አንድም የተሰነጠቀ የለም። ፈታኙ በረጅሙ ተንፍሶ ግንባሩን በመሃረብ ጠረገ። እማማ ከታች ቀና ብለው አዩን። የእኔን ሽበት አዩ፤ የእሱን ላብ አዩ፤ አንጀታቸው ተላወሰ።

«አይዞህ ልጄ» አሉት፣ «መጀመሪያ ሁሉም ይፈራል። ከእኚህ አስተማሪህ ሥር አትጥፋ፤ ትለምደዋለህ።»

«እሺ፣ እማማ» አለ።

መነጽሩን መልሶ አደረገና ፊት ለፊቱን እያየ አልፈሃል አለኝ። በራስ መተማመን ከውስጥ ነው የሚመጣው የምትሉ፣ ተሳስታችኋል። የሚመጣው ከአንተ የባሰ የፈራ ሰው አጠገብህ ሲቀመጥ ነው።