ቱርቦው የዋጠው ቅጠል

ትናንት ሰበታ ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ልጄ ዳዊት፣ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ እና አንዲት የስፖርት መኪና ነን። መኪናዋን ከሰው የቆጠርኳት ልጄ ከእኔ ይልቅ እሷን ስለሚያናግር ነው። ጉልበት ልጨምርላት ብሎ የድግስ ድስት የሚያክል የከባድ መኪና ቱርቦ ገጠመላት። ኮፈኑ አልዘጋ ሲለው አውልቆ ጣለው። ትልቅ ነገር ሁሉ ይሻላል የሚል ሰው እናንተስ አልገጠማችሁም?

«እማ፣ ሞተሩን አየር ማጉረስ እኮ ነው» አለኝ።

«በቃኝ ቢልስ?»

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ በተነሳው ተቃውሞ ምክንያት መኪና እንደ ልብ አይሄድም። እሱ ግን «መንገዱ ባዶ ነው፤ ቡራዩ ድረስ ልሞክራት» አለ። ሰሞኑን ተቃውሞውን እደግፋለሁ ለማለት ለምለም ቅጠል ያሰረ መኪና ላይ ድንጋይ አይወረወርም። እኔም ለጥንቃቄ አንድ እቅፍ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞተሯ ፊት አሰርኩላት። ዳዊት ሲያስነሳት ቱርቦው ቅጠሉን ስቦ ዋጠና መኪናዋ የግቢው በር ላይ ታንቃ ቀረች።

«ልጄ፣ ፍየል ነው እንዴ የገጠምክላት?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

እኔ ጉዞው ቀረ ብዬ እልል ለማለት ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን ተናዶ ሌላ ቱርቦ ፍለጋ በእግሩ ወደ ቡራዩ ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም፤ ስልኩም አይሠራም። ቡራዩ ያላችሁ፣ እጁ ግራሶ የሆነ ቀጭን ልጅ ያየ ካለ፣ እባካችሁ ደህና መሆኑን ይንገረኝ።