ትልም የማይዘል ፕሪንተር

እናንተ አገር እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ በእኛ በጋይንት ግን ብቻውን ሄዶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ወይ ጠግቧል ወይ ዘመድ የለውም ይባላል። በሬ የሚገዛ በሬ አዋቂ ይዞ ይሄዳል፤ ማረሻ እንኳ ሌላ ሰው ሳያየው አይገዛም። ታዲያ ፕሪንተር የሚገዛ ማንን ይዞ ይሂድ? ስልኬን ጠየቅሁ። ስልክ መልስ አያጣም፤ ይበዛበታል እንጂ። አንዱ ይህን ግዙ ይላል፣ ሌላው ያንን የገዛ ገንዘቡን ገደል ከተተ ይላል። ሦስት ቀን አንብቤ የጨበጥኩት ነገር ቢኖር አለማወቄን ብቻ ነው።

ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ክንድ ከስንዝር የሚሰፋ ወረቀት የሚያትም ፕሪንተር ቤቱ ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። የምኖርባት ከተማ ንፋስ መውጫም ብላኛለች። የድሮውን የገዛሁት ካርታ እያተምኩ ግድግዳዬን ላስጌጥበት ነበር፤ ኋላ ግን ለአባቴ ዳዊት ዋለ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። እኛ ልጆቻቸውም ፊደል የቆጠርነው ከእሳቸው እግር ሥር ስለሆነ የኔታ እንላቸዋለን። ዓይናቸው ሲደክም የመጽሐፋቸውን ፊደል መለየት አቃታቸው። ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያውቁታል፤ ነገር ግን ካላየሁት ልቤ ይጨምርበታል ብለው፣ ያለ ጽሑፍ አልደግምም አሉ። እኔም በየቀኑ አንድ መዝሙር፣ ፊደሉን አውራ ጣት አሳክዬ፣ አትሜ ከአልጋቸው ፊት ለፊት እሰቅል ጀመር። እሳቸው ይደግማሉ፤ እኔ ደግሞ ዓይናቸው መስመር እንዳይስት፣ በእሳቸው ትእዛዝ፣ ከፊደሉ ሥር ስንደዶ አስኬዳለሁ። በልጅነቴ ዳዊቱን ከእኩሌታው ላይ ጥዬ ወደ አስኳላ የኮበለልኩት ሰውዬ በስተርጅና ስንደዶ ያዥ ሆንኩላችሁ።

ሐምሌ ላይ ፕሪንተሩ አረፈ። ጠጋኙ ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። የምሰቅለው ስለሌለኝ እኔም ጠዋት ጠዋት የኔታ ክፍል መግባቴን ተውኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳዊት የለም። እህል አልወርድ አላቸው፤ ፊታቸውን ወደ ባዶው ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። የእውነቴን ነው፣ ፈራሁ። በዚያ ዕድሜ የጸሎት ሰው ጸሎቱ ከተቋረጠ ብዙ አይሰነብትም።

ስለዚህ ታላቅ ወንድሜን አያ ፈንታን ይዤ ደብረ ታቦር ሄድኩ። አያ ፈንታ ታች ጋይንት የሚኖር ገበሬ ነው። በዕድሜው ያየው ፕሪንተር የእኔን ብቻ ነው፤ አርብ ገበያ ላይ ግን እሱ ሳይዳብሰው የሚሸጥ በሬ የለም።

ሻጩ አንዱን የሚያብለጨልጭ ማሽን አወጣና ያወድሰው ገባ። አያ ፈንታ አንዴ ዞረው፣ ክዳኑን ገልጦ አፉ ውስጥ ተመለከተ፣ ጎኑን መታ መታ አደረገው። ከዚያ ምን እንደሚበላ ጠየቀ። ስምንት ቀለም በየራሱ ካርትሪጅ መሆኑን ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ፣ ይኸ እንኳን አንተን ወረዳውንም ይበላል አለኝ። እስቲ አትመህ አሳየን ቢለው፣ ሻጩ ቀለም ይባክናል ብሎ አመነታ።

«ልጄ፣ ሳይጠመድ በሬ የሚገዛ ሰው የት አይተሃል?»

ሻጩ አተመ። ከጥቁሩ መሃል ለመሃል ነጭ መስመር እየገባ ወጣ። አያ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳና ትልም ይዘላል ብሎ ፈረደበት። ቀጥሎ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ፣ ቀለሙ በጠርሙስ ከላይ የሚሞላ፣ መልከ ጥፉ ማሽን ተሞከረ። እያዘገመ አንድም ሳይዘል ጨረሰ። ያንን ገዛን።

በማግስቱ ጠዋት መዝሙሩን አተምኩ። ከደስታዬ ብዛት መነጽሬን ሳላደርግ ሮጬ ሰቀልኩና ለመነጽሬ ተመለስኩ። ስመጣ የኔታ ጀምረዋል። ያ ድምፅ ሲመለስ ደስ ሲል! ዕንባዬ መጣ። ስንደዶዬን አንስቼ ወደ ግድግዳው ቀረብኩ።

ወረቀቱ ነጭ ነው። በጀርባው ሰቅዬዋለሁ።

የኔታ አንዲት ቃል ሳይስቱ እስከ መጨረሻው ዘለቁና፣ የአሁኑስ ቀለሙ ደምቋል ብለው መረቁኝ።

«የኔታ፣ ገልብጬ ነው የሰቀልኩት። አንድም ፊደል የለበትም» አልኳቸው።

ያፍራሉ ብዬ እኔው አፈርኩ። እሳቸው እቴ! ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«እኔማ ዳዊቴን ከጨረስኩ ሰባ ዓመት አለፈኝ» አሉ። «ከእኩሌታው ላይ ጥሎ የኮበለለው ማን ነበር?»

ስንደዶው እጄ ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ጊዜ ፊደሉን ያሳከልኩት ለማን ዓይን እንደነበር፣ እህል ያስጠላቸውም የማን መቅረት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በል ገልብጠውና ዛሬ አንተ ዝለቀው አሉኝ። መነጽሬን አስተካክዬ ጀመርኩ። ሁለት ቦታ ሳትኩ፤ ሁለቱንም አረሙኝ። ምሳ ላይ እንጀራ አስጨመሩ።

በሳምንቱ አያ ፈንታ ደውሎ በሬው እንዴት ነው አለኝ። ደህና ያርሳል አልኩት። የሚታረሰው ማን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም፤ ምን አስለፈለፈኝ።