ሁሉን የምትችለው ሽጉጥ

(አላስካ። ሙስ የሚባለውን፣ ፈረስ የሚያህለውን አጋዘን ማደን የሚፈቀድበት የመጨረሻ ቀን። ራስመስና የእህቱ ባል ቬርን ሐይቅ ዳር ተቀምጠዋል። ራስመስ ከዝናብ ልብሱ ሥር ደረቱ ላይ ክንድ የሚያህል ሽጉጥ አንጠልጥሏል። ቬርን የያዘው ማንቆርቆሪያ ነው።)

ራስመስ፦ ጠብመንጃ አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚያውቀው። ይቺ ግን ሁሉን ትችላለች። ድብ ብትል ድብ፣ ሙስ ብትል ሙስ።

ቬርን፦ ዓሣስ?

ራስመስ፦ ዓሣ በሽጉጥ ይመታል እንዴ አንተ ሰው?

ቬርን፦ ሁሉን ትችላለች ስላልከኝ ነው።

ራስመስ፦ ሦስት ዓይነት ጥይት ትጎርሳለች። ትልቁ ለድብ፣ መካከለኛው ለሙስ፣ ትንሹ ለልምምድ።

ቬርን፦ ወደ ኋላ አስፈንጥሯት ግንባርህን ያሳበጠህ የትኛው ነው?

ራስመስ፦ እሱ ትንሹ ነው።

ቬርን፦ ዛሬስ የቱን አጎረስካት?

ራስመስ፦ ትልቁን።

(ቬርን ከሐይቁ ውሃ ቀድቶ፣ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጎ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ያንቆረቁራል።)

ራስመስ፦ ምን እያደረግህ ነው?

ቬርን፦ ውሃ እያፈሰስኩ።

ራስመስ፦ የሐይቁን ውሃ ሐይቁ ውስጥ? ጎደለብኝ አለህ?

ቬርን፦ ሽጉጧ ስንት እርምጃ ትደርሳለች?

ራስመስ፦ ሃምሳ።

ቬርን፦ የኔ ጠብመንጃ ሦስት መቶ ትደርስ ነበር። ቤት ትተሃት ና ያልከኝ አንተ ነህ። እህትህ ዛሬ ጠዋት ፍሪዘሩን ከፍታ አሳየችኝ፤ አንድ ከረጢት አተርና የዓሣ ጭንቅላት ነው ያለው። ዛሬ ባዶ እጃችንን ከገባን ክረምቱን በሙሉ የምንበላው ሳልሞን ዓሣ ነው። ትንሿ ልጄ እኮ ሳልሞን ስታይ ማልቀስ ጀምራለች።

ራስመስ፦ አታስብ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሙሱን ድምፅ አስመስዬ እጠራዋለሁ። በጥሪ የሚስተካከለኝ የለም። ደንቡን ግን አትርሳ፤ እግሮቹን ሌላው ተሸክሞ ኮረብታው ላይ እስከቆመው መኪና ያወጣል፣ የጠራው ሰው መጨረሻ ላይ ቀንዱን ብቻ ይዞ ይወጣል።

ቬርን፦ አራቱንም እግር?

ራስመስ፦ ሙሱ ስንት እግር አለው?

(ዝምታ። ቬርን ጆሮውን ወደ ጫካው ያቀናል። ምንም የለም።)

ቬርን፦ ሽጉጧ ሚስማር ትመታለች?

ራስመስ፦ (ሲናደድ እንደ ልማዱ ድምፁን በአፍንጫው እየጎተተ) ኧ-ረ-ረ ተወኝ፣ እኔ መዶሻ ነው እንዴ የገዛሁት?

(ቬርን ያንቆረቁራል።)

ቬርን፦ ድብ እየሮጠ ቢመጣብህ፣ የዝናብ ልብስህን ቁልፍ ፈትተህ እስክታወጣት ይጠብቅሃል?

ራስመስ፦ (በአፍንጫው) ኧ-ረ-ረ-ረ እንዳንተ ያለ ደነዝ…

ቬርን፦ ድቡ ሁለት ቢሆንስ?

ራስመስ፦ (ይበልጥ እየጎተተ) አም-ስ-ት ጥይት አ-ላ-ት እኮ…

ቬርን፦ (በሹክሹክታ) ከኋላህ።

(ቁጥቋጦው ይንኮሻኮሻል። ቀንዱ የበር ስፋት ያለው ወንድ ሙስ ሃያ እርምጃ ላይ ቆሞ ራስመስን በፍቅር ዓይን ይመለከታል። ራስመስ ሽጉጡን ያወጣል። ግንባሩን ይዳብሳል። ቀስ ብሎ ሽጉጡን ለቬርን ያቀብላል።)

ራስመስ፦ (በሹክሹክታ) አንተ ለልጆችህ ብለህ…

(ቬርን በጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይተኩሳል። ሙሱ ይወድቃል።)

ራስመስ፦ አላልኩህም? ሁሉን ትችላለች። ዕድለኞች ነን ደግሞ፤ ማንም ሳይጠራው መጣ።

ቬርን፦ ተጠርቶ ነው የመጣው። ውሃ ሲንቆረቆር ሴቷ ሙስ የምትሸና ይመስለዋል።

ራስመስ፦ (ፊቱ ይጨልማል) ስለዚህ የጠራኸው አንተ ነህ። እግሮቹ የኔ ሸክም ሊሆኑ ነው?

ቬርን፦ የለም፣ በውሃው ብቻ አይመጣም። የሴቷም ድምፅ ያስፈልጋል። ረጅም፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ማባሪያ የሌለው። እኔ አልችልበትም።

ራስመስ፦ (በአፍንጫው) ታ-ዲ-ያ ማ-ነ-ው ያሰማው?

(ከሐይቁ ማዶ ሌላ ወንድ ሙስ ይመልሳል።)

ቬርን፦ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ አንተ አደን ወጥቼ አውቃለሁ? ዝም ባልክ ቁጥር ነው እኮ የምጠይቅህ።

(ሙሱን ገፈው ሥጋውን ይቆራርጣሉ። ራስመስ አራቱን እግር አንድ በአንድ ያያል። መኪናቸው የቆመበትን ኮረብታ ያያል። ቀንዱን ያያል።)

ራስመስ፦ ያው ደንብ ደንብ ነው። የጠራው ሰው ቀንዱን ነው የሚይዘው።

ቬርን፦ እግሮቹን ለልጆቼ ስል በደስታ ነው የምሸከመው። ብቻ እህትህ ማን ጠራው ብላ ትጠይቀኛለች።

ራስመስ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ሽጉጧ ጠራችው በላት።

ቬርን፦ (የመጀመሪያውን እግር ትከሻው ላይ እያወጣ) ለካ እውነትህን ነው፤ ሁሉን ትችላለች።