ፈሪና የአየር ጠመንጃው ቦርሳ

ፈሪ ሰው ቦርሳ ሲመርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አጎቴ በየገበያው በአየር ጠመንጃ ኢላማ እያስመታ ይኖራል፤ መካነ ሰላም ከተማ የሚሸጥ ቦርሳ ሁሉ ግን ያስፈራዋል። ረጅሙ ቦርሳ ጠመንጃ እንደያዘ ያስታውቃል፤ አጭሩ አፈሙዙን አይሸፍንም። ስለዚህ በሚኒባስ ወደ አቀስታ ገበያ ስንሄድ ጠመንጃውን በስፖንጅ ፍራሽ ጠቀለለው።

መንገድ ላይ ፍተሻ ኬላ ጋ ደረስን። ፈታሹ የሚኒባሱን በር ገና ሲከፍተው አጎቴ፣ «ወላሂ፣ ፍራሹ ውስጥ ምንም የለም» አለ።

«ስለ ፍራሹ ማን ጠየቀዎት፣ ጋሼ?»

ፍራሹ ተፈታ። ተሳፋሪው ሁሉ ወንበር ስር ገባ። ፈታሹ ጠመንጃውን አገላብጦ አየና፣ «መጫወቻ ነው እኮ፤ በግልጽ ይያዙት» ብሎ መለሰልን። ሾፌሩ ግን ጥሎን ሄደ።

በግልጽ ይዘነው በእግር ቀጠልን። ከፊታችን የሚመጡት ገበያተኞች እኛን ሲያዩ ዞረው ሮጡ። አጎቴ «ከኋላችን ምን አይተው ነው?» አለና ጠመንጃውን እንደያዘ ተከትሏቸው ሮጠ።