የፋብሪካ ጥይት ይስታል

ሰው ለልጁ ሚስት ሲያጭ አይታችኋል፤ ለጠመንጃው ጥይት የሚያጭስ ገጥሟችኋል? በደርግ ጊዜ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሆቴል የነበራቸው ወሎዬው ጋሽ ሰይድ እንዲያ ነበሩ። ባዶ ቀለህ ለቅመው ባሩዱን ራሳቸው ይሞላሉ፤ የአዋሽ ገደል አፋፍ ላይ ጣሳ አቁመው ይተኩሳሉ፤ ከሳቱ ባሩዱን ቆንጠር አድርገው ይቀንሱና እንደገና ይሞክራሉ።

«ጥይት የጠመንጃውን ጠባይ ካላወቀ ምን ያደርጋል? የፋብሪካ ጥይት ይስታል!» ሲሉ ከት ብለን እንስቅባቸው ነበር።

አንድያ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ከግንባር መርዶው መጣ። ለቅሶው ላይ አብሮት የዘመተውን ጓደኛውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «የመታው የፋብሪካ ጥይት ነው?» አሉት።

«አዎ ጋሽ ሰይድ። ሰብር ያድርጉ።»

«ልክ ነዎት» የሚላቸው ፍለጋ ሁላችንንም በየተራ እያዩ፣ «የፋብሪካ ጥይት እኮ ይስታል» አሉ።